ጉድጓዱ፣ ባህር ዛፉ፣ ማዳበሪያው፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስለ ራሱ ጓሮ ነው። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ። "የተፈጥሮ ሀብት" የሚለውን ቃል የተጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተማሪ ነው፣ የቤት ስራውን ለእኔ ሳይልክልኝ አይቀርም። ደስ ብሎኝ መልሼለታለሁ። የሌሎቻችሁንም የቻልኩትን ያህል እነሆ።

"ሰላም ጋሼ። የምንኖረው መቂ አካባቢ ነው፤ የምንጠጣው ከጉድጓድ ነው። ትልቁ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ቡኒ ሆኖ ትምህርት ቤት ይሾፉበታል፣ አፉን ሸፍኖ ነው የሚስቀው። ትንሿ ገና 3 ዓመቷ ነው። ጎረቤቶቼ ጥርሱን ስለማይፍቅ ነው ይሉኛል። ውሃውን ሁልጊዜ አፍልቼ ነው የምሰጣቸው። ምን ላድርግ?" — የሁለት ልጆች እናት፣ ከመቂ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን አትቆጪው። ጥርስ ባለመፋቅ የመጣ ላይሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርስ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርግና በዚያ ድንጋይ መሀል ዓመታት ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ከድንጋዩ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወስዳል። ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ "ጥልቅ ጉድጓድ ንጹህ ነው" የሚለው አባባል እዚያ አገር ሁልጊዜ አይሰራም። ጥልቁ ከጀርም የጸዳ ሊሆን ይችላል፣ ፍሎራይዱ ግን ከቅርቡ ጉድጓድ ሊበልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ።

አሁን የማይመችሽን ልንገርሽ። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። ጀርም ይገድላል፣ ለእሱ ቀጥይበት። ነገር ግን ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ እንደ ወጥ ጨው ማለት ነው፣ ድስቱ በተመጠጠ ቁጥር ጨው ይበዛል። ስለዚህ እንደፈላ አውርጂው። የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም፣ ተራ የሸክላና የአሸዋ ማጣሪያም አይነካውም።

ጥርስ ቀለሙ የሚበላሸው ከድድ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ሲሰራ ነው። ያ ጊዜ እስከ 8 ዓመት አካባቢ ነው። የትልቁ ልጅሽ አልፏል፤ በከሰልም በአመድም ቢፋቅ አይለቅም፣ ጥርሱን ይበላዋል እንጂ። አድጎ አቅም ሲኖራችሁ የጥርስ ሀኪም ሊሸፍንለት ይችላል። ትንሿ ግን ስምንት እስኪሞላት ገና አምስት ዓመት ይቀራታል። ትኩረትሽ እሷ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ የጉድጓዱን ውሃ አስመርምሪ፤ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የት እንደሚመረመር ይነግርሻል። ሰፈር ውስጥ ሌላ ጉድጓድ ካለ እሱንም፤ ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጉድጓድ ፍጹም የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዝናብ ነው። የዝናብ ውሃ ድንጋይ አላገኘም፣ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። ለትንሿ መጠጥ ብቻ በቀን 2 ሊትር ብትይዢ፣ ለስምንት ወር በጋ የሚያስፈልግሽ 480 ሊትር ነው። ሁለት በርሜል ተኩል አይሞላም! ቤትሽ ቆርቆሮ ከሆነ አንድ ጥሩ ዝናብ ይሞላዋል። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን ይጠብልሽና ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዢ፣ ክዳን ይኑረው፣ ስትሰጫትም አፍልተሽ ይሁን። ከተረፈሽ ሽሮውንም በዚያው ስሪ።

ፍሎራይድ የሚያጣሩ ዘዴዎችም አሉ። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሰራ ከሰል አንዱ ነው፤ በእናንተው አካባቢ ተሞክሯል። ግን ከሰሉ ጊዜው ሲደርስ ይጠግባል፣ መቀየር አለበት፤ የሚከታተለው ሰው ከሌለ ማጣሪያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ሻይ። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ያጠራቅማል። ለሦስት ዓመት ልጅ ሻይ ይቅርባት፤ ወተት ከተገኘ ወተት።

"አባቴ 70 ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለንን የገብስ ማሳ በሙሉ ባህር ዛፍ ልትከልበት ብሎ ተነስቷል። ጎረቤቱ ከባህር ዛፍ ሽያጭ ቤት ሰርቷል። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ከማሳው በታች ያለችው ምንጭ ከአምስት ዓመት ወዲህ በጋ ላይ እየነጠፈች ስለሆነ እንዳይተክል ለመንኩት። 'ከተማ ተቀምጠህ ምን ታውቃለህ' አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?" — ልጁ፣ ከአዲስ አበባ

ሁለታችሁም። እንደ ሽማግሌ ላስታርቃችሁ ብዬ አይደለም፤ እውነቱ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ባህር ዛፍን መስደብ ፋሽን ሆኗል። ግን ታሪኩን አንርሳ። ስሙ ራሱ እንግዳነቱን ይናገራል፣ ከባህር ማዶ የመጣ ዛፍ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው የገባው። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ጫካ ለማገዶና ለቤት መስሪያ አልቆ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ትተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር። አዲስ አበባ ባለችበት እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። ቆርጠኸው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በስድስት በሰባት ዓመት አጣና ይሆናል፣ ከብት አይበላውም። ቅጠሉ ሳይቀር ስንት እንጀራ ጋግሯል። ባህር ዛፍ ባይኖር የቀረችን ጽድና ወይራ ዛሬ አትኖርም ነበር ባይ ነኝ።

ውሃ ይጠጣል ወይ? ይጠጣል። ግን ሰው እንደሚለው አባካኝ ስለሆነ አይደለም። አንድ ኪሎ እንጨት ለመስራት የሚፈጀው ውሃ ከሌላው ዛፍ አይበልጥም፣ እንዲያውም ቆጣቢ ነው። ችግሩ የሚሰራው እንጨት ብዙ መሆኑ ነው፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ስሩ ጥልቅ ይወርዳል፣ ዓመቱን ሙሉ ይስባል። አጎራረሱ ትልቅ አይደለም፣ ከማዕዱ ግን አይነሳም። ገብስ አራት አምስት ወር ጠጥቶ ይታጨዳል፣ መሬቱም ያርፋል። ባህር ዛፍ እረፍት የለውም። ከስሩም ብዙ ሣር አይበቅልም፤ መሬቱ ራቁቱን ስለሚቀር ተዳፋት ከሆነ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ምንጯ መንጠፍ የጀመረችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው ብለሃል። አባትህ ገና አልተከለም! ስለዚህ ወንጀለኛው ሌላ ነው። ምንጭ የምትነጥፈው ከአፏ አይደለም፣ ከላይ ነው። ከማሳው በላይ ያለውን ኮረብታ ሄደህ እየው። ቁጥቋጦው ተመንጥሯል? ከብት ረግጦት እንደ ሊሾ ጠንክሯል? የጎረቤት ባህር ዛፍ አለበት? ዝናቡ ሲዘንብ ወደ ውስጥ መስረጉ ቀርቶ በላዩ እየሮጠ ከሆነ ምንጯ ክረምት ላይ የሚገባላት ስንቅ የለም። በጋ ላይ ምን ታምጣ?

ይሄ የሚመለስ ነገር መሆኑን ያየነው ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ፣ አብርሃ ወአጽብሃ በምትባል መንደር ነው። ደረቅ፣ ድንጋያማ፣ ሰው ሊለቅበት የደረሰ አካባቢ ነበር። ነዋሪው ተራራውን ከከብት ከለለ፣ እርከን ሰራ፣ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈረ። ከዓመታት በኋላ ታች ባለው ማሳ ላይ ጥቂት ሜትር ቆፍሮ ውሃ ማግኘት ተቻለ። በ2012 እንደ ፈረንጆች ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ያንን ያደረጉት ውሃ ከሌላ ቦታ አምጥተው አይደለም፤ የዘነበውን እንዳይሄድባቸው ይዘው ነው።

ወደ አባትህ ልመለስ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ገብስ መታረስ፣ መታረም፣ መታጨድ፣ መወቃት አለበት። ልጃቸው አዲስ አበባ ነው። ባህር ዛፍ አይታረምም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ክርክር ከውሃ ይልቅ የጉልበት ክርክር ነው፣ አንተም አልገባህም፤ "አትትከል" ስትላቸው "አንተ ደካማ ነህ ግን እረስ" እንዳልካቸው ነው የሚሰማቸው። መጀመሪያ ለማሳው የጉልበት መፍትሔ ይዘህ ሂድ፣ የእኩል አራሽም ቢሆን። ከዚያ ተደራደሩ፤ ድንጋያማው ጥግ ለባህር ዛፉ፣ ለሙ መሬት ለገብሱ። ምንጯ ዙሪያ በፍጹም አይተከል። ከጎረቤት ማሳ ድንበር ቢያንስ ሃያ እርምጃ ይራቅ፣ የሰው እህል ያቀጭጫል፣ ጠብ ያመጣል። አንድ ነገር ደግሞ ንገራቸው፦ ገብሱን ዛሬ ቀይሮ ባህር ዛፍ ማድረግ የአንድ ክረምት ስራ ነው። ባህር ዛፉን መልሶ ገብስ ማድረግ ግን ጉቶ መንቀል ነው፤ ጉቶ የነቀለ ያውቀዋል።

(አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ይተክላሉ፣ በአራት አምስት ዓመት ለከሰል ይቆርጡታል፣ ከዚያ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ጥሩ ሀሳብ ነበር፤ መሬቱንም ያበረታል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶበት ብዙውን አደረቀው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የሞላበት አገር እንደዚህ ነው፣ ሲታመም በአንዴ ነው የሚታመመው።)

"ጫካው ካለቀ ኦክስጅን አልቆ እንታፈናለን የሚል መልእክት በቴሌግራም እየዞረ ነው። እውነት ነው?" — ሃና፣ ከሀዋሳ

አይደለም። ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ይሄ የዘንድሮ ዛፍ የሰራው አይደለም፤ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። ያረጀ ጫካ ቀን የሚሰራውን ኦክስጅን ያህል ራሱ ይተነፍሰዋል፣ የቀረውን ደግሞ የወደቀው ቅጠልና የሞተው ግንድ ሲበሰብስ ይወስደዋል። ሂሳቡ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ከሚሰራው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ደግሞ የሚመጣው ከባህር ነው፣ ዓይን ከማያያቸው ተንሳፋፊ ፍጥረታት።

ስለዚህ ዛፍ ሁሉ ቢቆረጥ ታፍነን ሳይሆን ተርበን ነው የምናልቀው። ጫካ የሚጠቅመን ውሃውን ስለሚያሰርግ፣ አፈሩን ስለሚይዝ ነው። ደግሞ ውስጡ ስላለው ነገር። ያዩ፣ ካፋና ሸካ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው የዱር ቡና የዓለም ቡና ሁሉ ዘመድ ነው። ነገ አዲስ በሽታ ቢመጣ የሚቋቋም ዝርያ ሊገኝ የሚችለው እዚያ ነው። ይሄንን የሚያክል ነገር ስላለን ለመልእክቱ ውሸት መጨመር አያስፈልግም ነበር።

የአየር ነገር ካሳሰበሽ ግን ጭስ ቤት ግቢና እይው። መስኮት በሌለው ማድቤት እርጥብ እንጨት እያነደደች የምትጋግር እናት የምትተነፍሰው አየር ነው የሚያስፈራው።

"ወርቅ አለን፣ ኦፓል አለን፣ ኦጋዴን ጋዝ አለን። ከሁሉም ትልቁ ሀብታችን የትኛው ነው?" — ተማሪው

አፈር። የቤት ስራህ ላይ እንደዚያ ጻፍ፣ መምህሩ ከቀነሱብህ እኔ ጋ ላካቸው። ወርቅ አንዴ ነው የሚሸጠው። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል፣ ተዳፋት ላይ ለመሄድ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃዋል፤ እስካለ ድረስ ግን በየዓመቱ ያበላል። ኮንሶዎች ይሄ ገብቷቸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ እርከን ሲክቡ ኖረዋል፤ ዩኔስኮ የመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው።

"አያቴ ያለ ማዳበሪያ ያርስ ነበር። አባቴ በትንሽ ጀመረ። እኔ እጥፍ ጨምሬም የአባቴን ያህል ምርት አላገኝም። መሬቱ ሱስ ያዘው እንዴ? ዋጋውስ ለምን እንዲህ አሻቀበ?" — ገበሬው፣ ከምዕራብ ጎጃም

ወንድሜ፣ "ሱስ ያዘው" የሚለውን ከብዙ ገበሬ ሰምቼዋለሁ። መሬት ሱስ አይዘውም። ግን ቃሉ ያለ ምክንያት አልመጣም።

እህል ሲበቅል ከአፈሩ ብዙ ነገር ያነሳል። አያትህ ማሳቸው ላይ በጋ ከብት ያሳድሩበት፣ የከብቱን እበት ይበትኑበት፣ አንድ ዓመት ደግሞ ባቄላ ይዘሩበት ነበር፣ ሲደክም ያሳርፉታል። ዛሬ መሬቱ ጠበበ፣ ማሳረፍ ቀረ። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። እናቴም ኩበት ጠፍጥፋ ነው ያሳደገችን፣ ስለዚህ መውቀስ አልችልም፤ እንጨት ከሌለ ምን ይነደዳል? ግን ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይወጣል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረሱ ይቀራል፤ ቢያንስ አመዱን ጓሮ እንጂ መንገድ ላይ አትድፉት።

እንግዲህ ማዳበሪያው እህሉ ከአፈሩ ከሚወስዳቸው ብዙ ነገሮች ሁለቱን ሦስቱን ብቻ ነው የሚመልሰው። የበሰበሰ ነገር አይመልስም፣ ያ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ነው። ምስር ወጥ ብቻ እየበላ የከሳን ሰው ምስሩን እጥፍ አድርገህ ብትሰጠው ያው ነው።

በእናንተ አካባቢ ግን ሁለተኛ ጣጣ አለ፣ እሱን ነው ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው። ዝናብ የሚበዛበት ቀይ አፈር ከጊዜ ብዛት ይኮመጥጣል። ጎጃም፣ አዊ፣ ወለጋ ሰፊው መሬት እንደዚህ ነው። አፈሩ ሲኮመጥጥ የጨመርከውን ፎስፈረስ ቆልፎ ይይዝብሃል፣ ስሩ አያገኘውም። አንተ ትጨምራለህ፣ እሱ ይቆልፋል። "ሱስ" የመሰለህ ይሄ ነው! መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለግድግዳው ሳይሆን ለእርሻ የተፈጨው። መጠኑ የሚታወቀው አፈሩ ሲመረመር ነው፣ ብዙ ጊዜ በሄክታር በአስር የሚቆጠር ኩንታል ይጠይቃል፣ ማጓጓዙ ነው ጀርባ የሚሰብረው። በመላው ማሳ ባትችል በአንድ ጥማድ ሞክረው፣ ጎን ለጎን እየው። አፈሩን ሳታስመረምር ግን ሌላ ማዳበሪያ ላይ ብር አታፍስስ።

ዋጋው? ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ዩሪያውም ናይትሮጅን ነው። ነጻ አየር ለምን በኩንታል ይሸጣል ብትል ልክ ነህ። ነገሩ ናይትሮጅኑ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጣብቋል፣ ተክል አይፈታውም። ፋብሪካ የሚፈታው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው፣ ለዚያም የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ዘዴውን ያገኘው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚያ ምክንያት ነው። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ተነስቶ የጋዝ ዋጋ ሲወደድ ያንተ ዩሪያ አብሮ ተወደደ። ፎስፈረሱ ደግሞ ከድንጋይ ነው የሚቆፈረው፤ ከታወቀው የዓለም ክምችት 70 በመቶ ያህሉ ያለው በሞሮኮና በምዕራብ ሳህራ ነው። ከአየር አይሰራም፣ ምትክም የለውም።

አንድ ነጻ ፋብሪካ ግን አለህ። ባቄላ ወይ ጓያ ወይ ሽምብራ ስትነቅል ስሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች አይተሃል? ውስጣቸው ባክቴሪያ አለ፣ ያንን የተጣበቀ ናይትሮጅን ያለ ጋዝ ይፈታዋል። አንዷን ቁረጣት፤ ውስጧ ቀላ ካለ እየሰራች ነው። አያትህ ስሙን ባያውቁትም በየተራ የሚዘሩት ለዚህ ነበር።

"ኩዌት ነው የምሰራው። እዚህ ወንዝ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ግን ቧንቧ ስትከፍት ውሃ አለ፤ ከባህር ነው ይላሉ። አዲስ አበባ እናቴ ቤት ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። እኛስ ለምን ከባህር አናጣራም?" — ሰላም፣ ከኩዌት

ሰላም፣ ኩዌቶች የሚጠጡት ውሃ አይደለም፣ ነዳጅ ነው ብልሽ አልዋሸሁም። ጨው ከባህር ውሃ ለመለየት በዘመናዊው ማጣሪያ እንኳ ለአንድ ሜትር ኩብ 3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል። ያ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ያንኑ አንድ ሜትር ኩብ ወደዚያ ከፍታ ለመግፋት፣ ፓምፑ ምንም ሳያባክን እንኳ፣ 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከማጣራቱ መግፋቱ ይበልጣል! ባህር በሩ የእኛ አለመሆኑን ደግሞ ተይው።

ደግሞም የእናትሽ ችግር የውሃ እጥረት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ የኩዌቱ የዚያን አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። የእኛ ጣጣ ዝናቡ በሦስት አራት ወር ውስጥ ተጥድፎ መምጣቱና መሄዱ ነው፤ አባይም ራሱ አብዛኛውን ውሃውን የሚያመጣው በክረምት ነው። የሚያዝበት ግድብ፣ የሚያልፍበት ቧንቧ፣ የማያፈስ መስመር ነው የጎደለው። የገፈርሳ፣ የለገዳዲ፣ የድሬ ግድብና የአቃቂ ጉድጓዶች ከተማዋ በምታድግበት ፍጥነት አላደጉም።

ለእናትሽ ብር ስትልኪ አንድ ጊዜ ለአሸንዳና ለሮቶ ብለሽ ላኪ። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት 50,000 ሊትር ያህል ይዘንብበታል። አምስተኛው ቢባክን እንኳ 40,000 ይቀራል። ሁሉንም መያዝ አይችሉም፣ ግን ክረምቱን በሙሉ ለልብስና ለሽንት ቤት ጄሪካን ከመሸከም ያርፋሉ።

"የሀረማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር፣ አሁን ተመልሷል። ታዲያ ተፈጥሮ ራሷን የምታክም ከሆነ ምን ያስጨንቀናል?" — ከድሬዳዋ

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ትንሽም ተንኮል አለበት። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው የደረቀው። ከብት ሲግጥበት፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ያየ ሰው አይረሳውም። ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች ውሃ የሚሳበው ከእሱ ነበር፤ ዙሪያውን ጫትና አትክልት የሚያጠጣ ፓምፕ ተደርድሯል፤ ከኮረብታው ደግሞ ደለል ይወርድበታል። ገቢው ከወጪው አነሰ፣ አለቀ። ሐረርም ውሃዋን ከታች ከድሬዳዋ በኩል፣ ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ።

አሁን ውሃው ተመልሷል፣ እሰየው። ውሃ ቶሎ ይመለሳል፤ ጥሩ ክረምት ሲገኝና መሳቡ ሲቀንስ ዓመታት ይበቁታል። ነገር ግን ሐይቁ ሆድ ውስጥ የተኛው ደለል ምንድን ነው? ከላይ ያለው ገበሬ ማሳ ነው። ያ ወደ ኮረብታው አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ሐይቁም በዚያው ልክ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ ፀሐይ ቶሎ ታተነዋለች። ስለዚህ ተመለሰ ስትሉኝ "የቱ?" እላለሁ። ፓምፖቹስ ተነስተዋል?

"ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ዳይኖሰር የጠጣውን ውሃ ነው የምንጠጣው ወይ ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።" — አባት፣ ከባህር ዳር

አዎ በላት፣ አብዛኛው ያው ነው። ምድር ላይ ያለው ውሃ ከድሮ ጀምሮ ያው ራሱ ነው የሚዞረው። ከባህር ይተናል፣ እንፋሎትና ደመና ሆኖ ዘጠኝ አስር ቀን ያህል አየር ላይ ይቆያል፣ ይዘንባል፣ ጣና ይገባል፣ አባይን ይዞ ይወርዳል። ዳይኖሰሮቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት ጊዜ እንደዞረ ራሷ ታስላው።

ቀጥሎ የምትጠይቅህን አውቀዋለሁ፣ እኔም የልጅ ልጅ አለኝ። "ዳይኖሰሩ የሸናውንስ?" ትልሃለች። እሱንም አዎ በላት፤ ግን ውሃ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ።